ራስን መኮርኮር ለምን አይቻልም? የታይ ቺን የጥንድ ልምምድ ለብቻ ስለ መሥራት

«አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» ይላል የሀገራችን ብሂል። ለሁለት ሰው የተፈጠረን ነገር ብቻውን ለመለማመድ የሚገደድ ሰው የዚህን አባባል እውነትነት ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። የቻይናውን ታይ ቺ ከመምህርና ከጓደኞች ጋር ጀምረው በኋላ በሥራ፣ በትምህርት ወይም በኑሮ ምክንያት ብቻቸውን የቀሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሰውን ከሰው ባራራቀ ጊዜ ደግሞ ችግሩ በአንድ ጊዜ የብዙዎች ሆነ።

እንዲህ ያለው ተለማማጅ በየማለዳው ግድግዳ እየገፋ፣ እጁን በአየር ላይ እያዞረ ይሠራል። ከወራት በኋላ እግሩ እንደ ዛፍ ሥር የጸና፣ ክንዱም የለሰለሰ ይመስለዋል። ከዚያም አንድ ቀን የቀድሞ ጓደኛውን ያገኝና እጅ ለእጅ ሲነካኩ፣ በአንዲት ቀላል ግፊት ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ያ ሁሉ ልምምድ የት ገባ? ልምምዱ ከንቱ ነበር ማለት ነውን?

መልሱ «አይደለም፤ ነገር ግን የሚያሠለጥነው እኛ የምናስበውን አልነበረም» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ፊዚክስና የነርቭ ሳይንስ ስለ ጉዳዩ የሚሉትን ተመልክተን፣ ለብቻ ሊሠራ የሚችለውን ከማይቻለው ለመለየት እንሞክራለን።

ታይ ቺና «የሚገፉ እጆች»

ታይ ቺ፣ በሙሉ ስሙ ታይ ቺ ቹዋን፣ ከቻይና የፍልሚያ ጥበባት አንዱ ነው። በሄናን ክፍለ ሀገር የሚገኘው ቼንጃጎው የተባለው የቼን ቤተሰብ መንደር የጥበቡ ዋነኛ መፍለቂያ እንደሆነ ይነገራል። ከመንደሩ ውጭ እንዲስፋፋ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ተምሮ በቤጂንግ ያስተማረው ያንግ ሉቻን ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 ታይ ቺን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።

ታይ ቺ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሰዎች በመናፈሻ ውስጥ በዝግታ ሲንቀሳቀሱ ነው። ይህ የትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ለብቻ የሚሠራው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ቱይ ሾው፣ ማለትም «የሚገፉ እጆች» የተባለው የጥንድ ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የእጅ አንጓቸውን ያነካካሉ፤ ንክኪው ሳይቋረጥ እጆቻቸውን በክብ እያዞሩ አንዱ የሌላውን ሚዛን ይፈልጋል። አራቱ መሠረታዊ እንቅስቃሴዎች ፐንግ (እንደተነፋ ኳስ ሆኖ መቀበል)፣ ሉ (የመጣውን ግፊት ወደ ጎን ማሳለፍ)፣ ጂ (ሁለቱን እጆች አጋጥሞ መጫን) እና አን (በመዳፍ መግፋት) ይባላሉ።

በዚህ ልምምድ አሸናፊው ብዙ ጉልበት ያለው አይደለም። ጉልበትን በጉልበት መመከት እንደ ስሕተት ይቆጠራል። ዋነኛው ችሎታ በቻይንኛ ቲንግ ጂን የሚባለው ሲሆን፣ ትርጉሙ «የማዳመጥ ብልሃት» ማለት ነው፤ የሚደመጠውም በጆሮ ሳይሆን በቆዳና በመገጣጠሚያ ነው። የጥበቡ ሊቃውንት የመጀመሪያው ክፍል ራስን ለማወቅ፣ ሁለተኛው ሌላውን ለማወቅ ነው ይላሉ። ይህ አከፋፈል ከዘመናዊው የነርቭ ሳይንስ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ቀጥለን እናያለን።

አንጎል የራሱን ሥራ ያቃልላል

አንባቢ እስቲ የራስዎን የውስጥ እግር በጣትዎ ይኮርኩሩ። አያስቅም። ያው ጣት የሌላ ሰው ቢሆን ግን ዘለው ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሣራ ጄይን ብሌክሞር፣ ዳንኤል ዎልፐርትና ክሪስ ፍሪዝ የተባሉ በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ቀላል የሚመስል ጥያቄ በአንጎል ምስል መሣሪያ መርምረውታል። ሰው ራሱን ሲነካ፣ የንክኪ ስሜትን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ሌላ ሲነካው ከሚያሳየው ያነሰ እንቅስቃሴ ያሳያል። ምክንያቱም አንጎል ለእጅ ትእዛዝ በሚሰጥበት ጊዜ «አሁን እንዲህ ያለ ስሜት ይመጣል» የሚል ትንበያ አብሮ ያዘጋጃል፤ የተተነበየው ስሜት ሲደርስም ይቀንሰዋል። በዚህ ሥራ ሴሬቤለም የተባለው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ድርሻ እንዳለው ይታመናል።

በተከታዩ ዓመት ባወጡት ጥናት ደግሞ ተመራማሪዎቹ በሰውየው ሁለት እጆች መካከል ማሽን አስገቡ። ግራ እጅ አንዱን መሣሪያ ሲያንቀሳቅስ፣ ሌላው መሣሪያ የቀኝ መዳፍን በስፖንጅ ይነካል። እንቅስቃሴው ወዲያው ሲተላለፍ የመኮርኮር ስሜቱ ደካማ ነበር። እስከ 0.2 ሴኮንድ እንዲዘገይ በተደረገ መጠን ግን ስሜቱ እየጠነከረ ሄደ። የንክኪው አቅጣጫ ሲለወጥም እንዲሁ። ትንበያውና እውነታው ሲለያዩ፣ የራስ እጅ እንደ እንግዳ እጅ መሰማት ይጀምራል ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ሦስተኛው ጥናት ለታይ ቺ ተለማማጅ ይበልጥ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሱክዊንደር ሸርጊልና ባልደረቦቹ ሁለት ሁለት ሰዎችን አቀናጅተው በመሣሪያ አማካይነት ጣት ለጣት እየተፈራረቁ እንዲጫኑ አደረጉ። ለእያንዳንዳቸው የተሰጠው ትእዛዝ የተቀበሉትን ያህል ብቻ መልሰው እንዲጫኑ ነበር፤ አንዱ ለሌላው የተሰጠውን ትእዛዝ ግን አያውቅም ነበር። ውጤቱ አስገራሚ ነው፤ ጉልበቱ በየተራው በአማካይ 38 በመቶ እየጨመረ ሄደ። እያንዳንዱ ከራሱ ጣት የሚወጣው ግፊት ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚመስለው፣ «ያህል» ብሎ የሚመልሰው ሁልጊዜ ከተቀበለው ይበልጣል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ አንዱን እጅ በሌላው እየገፉ የጥንድ ልምምድን መተካት እንደማይቻል ነው፤ ሁለቱም እጆች የአንድ አንጎል ናቸውና ምሥጢር የላቸውም። ሁለተኛው፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው «ለስልሻለሁ» ሲል ምስክርነቱ የሚያስተማምን አለመሆኑ ነው። የራስን ጉልበት የሚመዝነው መሣሪያ ራሱ ወደ ታች ያዘነበለ ነው።

ሚዛንም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ቤለንኪ፣ ጉርፊንክልና ፓልትሴቭ የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቆሞ ያለ ሰው ክንዱን በፍጥነት ሲያነሣ የእግሩ ጡንቻዎች ከክንዱ ጡንቻ ቀድመው ይነቃሉ። አንጎል የክንዱ እንቅስቃሴ ሚዛንን እንደሚያናጋ አስቀድሞ ስለሚያውቅ መሬቱን ያደላድላል። ግፊቱ ከውጭ ሳይታሰብ ሲመጣ ግን ይህ ቅድመ ዝግጅት የለም፤ ሚዛን ለመመለስ የሚነሡት የእግር ጡንቻዎች የሚንቀሳቀሱት ግፊቱ ከደረሰ ወደ 0.1 ሴኮንድ ገደማ ቆይተው ነው። ብቻውን የሚለማመደው ሰው ያ ሁሉ ጽናት የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዷን ናጋታ አስቀድሞ የሚያውቃት እርሱ ራሱ ነበር።

ለብቻ የሚገነባው፦ አቋም

ይህ ማለት ግን የብቻ ልምምድ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሌላውን ማወቅ ሌላ ሰው ቢፈልግም፣ ራስን ማወቅ ለብቻ ይቻላል። የዚህ መጀመሪያው አቋም ነው፤ ይህንንም በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ብንወስድ ክብደቱ 588 ኒውተን ያህል ነው። ሁለት እግሮቹን አስተካክሎ ቆሞ፣ ከመሬት 120 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ደረቱን ወደ ኋላ ይገፉታል እንበል። ከስበት ማዕከሉ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር ከተረከዙ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ሰውነቱ እንደ ቁም ሣጥን ደርቆ ከቆመ ለመጣል የሚበቃው ጉልበት 588 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ120፣ ማለትም 49 ኒውተን ነው። ይህ 5 ኪሎ ግራም ዕቃ ለማንሣት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። አሁን አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጎ ተረከዙን ከዚያው መስመር በ40 ሴንቲ ሜትር ቢያርቀው፣ የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ፣ ማለትም 196 ኒውተን ይሆናል። በቻይናውያን ዘንድ «የቀስት አቋም» የሚባለው፣ የፊት እግር ታጥፎ የኋላው የሚዘረጋበት አቆማመጥ ምሥጢር ይህ ነው።

ሆኖም ፊት ለፊት የጠነከረው አቋም በጎን በኩል ደካማ ነው፤ ሁለቱ እግሮች በአንድ መስመር ላይ በተቀመጡ ቁጥር ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያለው መሠረት ይጠብባል። ጎበዝ ተጋጣሚ የሚፈልገው ይህን አቅጣጫ ነው። ደግሞም የሰው አካል ቁም ሣጥን አይደለም፤ ወገብና ጉልበት ሲለሰልሱ ግፊቱ ወደ ጎን ይሾልካል፣ ወይም ወደ እግር ይወርዳል። የዝግታው ቅደም ተከተል የሚያሠለጥነው ይህንኑ ነው፤ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ሳይንገዳገዱ ማሸጋገርን።

የዚህ ጥቅም በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፉጆንግ ሊና ባልደረቦቹ የፓርኪንሰን በሽታ ያለባቸውን 195 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍለው ለ24 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ አሠለጠኑ። ታይ ቺ የሠሩት ሰዎች ሚዛን፣ በክብደት ከሠለጠኑትም ሆነ ሰውነት ከማፍታታት በቀር ሌላ ካልሠሩት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጓደኛ የሌለው ሰው ቅደም ተከተሉን መተው የለበትም።

እንግዳ እጅ መፍጠር፦ አራት የቤት ሙከራዎች

ከመኮርኮሩ ጥናት የያዝነውን ነጥብ እናስታውስ። የራስ እንቅስቃሴ ዘግይቶ ወይም አቅጣጫውን ቀይሮ ሲመለስ እንደ እንግዳ ይሰማል። እንግዲህ የብቻ ልምምድ ብልሃት፣ በራስና በራስ መካከል ትንበያን የሚያስት ወይም ስሕተትን የሚያጋልጥ ነገር ማስገባት ነው።

1. የክብደት መለኪያ ሚዛን በወለል ላይ። አንድ እግርዎን በሰው መመዘኛ ላይ፣ ሌላውን በእኩል ከፍታ በተዘጋጀ ጣውላ ላይ ያድርጉ። ሳያዩ ከክብደትዎ 70 በመቶውን በሚዛኑ ላይ ለማሳረፍ ይሞክሩ፤ ከዚያ ያንብቡ። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ንባቡ 42 መሆን አለበት። በታይ ቺ «ሙሉ» እና «ባዶ» የሚባሉት እግሮች በእውነት የተለዩ መሆናቸውን የሚነግርዎ ሚዛኑ እንጂ ስሜትዎ አይደለም።

2. ያው ሚዛን በግድግዳ ላይ። ሚዛኑን በደረት ከፍታ ከግድግዳ ጋር አስደግፈው መርፌውን ዜሮ ላይ ካስተካከሉ በኋላ በመዳፍዎ ይጫኑት። 5 ኪሎ ግራም ሲያነብ፣ ንባቡ ሳይለወጥ ክብደትዎን ከኋላ እግር ወደ ፊት፣ ከፊትም ወደ ኋላ ያሸጋግሩ። ቀላል ይመስላል፤ መርፌው ግን ትከሻና ክርን የት ላይ እንደሚገተሩ ያሳብቃል። የፐንግ ትርጉም እዚህ ላይ ይገባል፤ አካሉ ሲንቀሳቀስ ግፊቱ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ክንድ ማለት ነው። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ግድግዳው የሚመልሰው የሰጡትን ያህል ብቻ ነው። ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ያልጠየቁትን አይመልስም።

3. የተንጠለጠለ ከረጢት። ጥቂት ኪሎ ግራም አሸዋ ወይም እህል የያዘ ከረጢት ከጠንካራ ቦታ ላይ በገመድ ይንጠልጠል። የገመዱ ርዝመት 1 ሜትር ሲሆን ከረጢቱ ሄዶ የሚመለሰው በ2 ሴኮንድ ገደማ፣ 2 ሜትር ሲሆን ደግሞ በ2.8 ሴኮንድ ገደማ ነው። በእጅ አንጓዎ ላይ ተቀብለው፣ ሳይመቱትና ሳያቆሙት ወደ ጎን ያሳልፉት። ይህ የሉ ልምምድ ነው። መጀመሪያ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲነኩት ግን ሞላላ መንገድ ይይዛል፣ ይሽከረከራልም። የሚመለስበት አቅጣጫ የሰጡት አይሆንም። ዐይንዎን ከረጢቱ ላይ አይትከሉ፤ አሻግረው እየተመለከቱ በንክኪ ብቻ ይከተሉት።

4. ረጅም ዘንግ። በቼን ትውፊት ወደ 3 ሜትር የሚረዝም የሚለጠጥ ዘንግ ማንቀጥቀጥ የቆየ ልምምድ ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ቀርከሃም ያገለግላል። አንዱን ጫፍ በሁለት እጅ ይዘው በወገብዎ ሲያዞሩት፣ ሌላው ጫፍ ዘግይቶ ይከተላል፤ መርገብገቡም በእጅዎ በኩል እስከ እግርዎ ይመለሳል። መዘግየቱ በለንደኑ ማሽን ውስጥ የነበረውን ያስታውሳል። ትከሻ ሲገተር ርግብግቡ እዚያው ይቆማል፤ ሰውነት ሲገናኝ ወደ ወለሉ ይወርዳል።

በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ ጥንቃቄ አይረሳ። አረጋውያን ወይም ሚዛናቸው የደከመ ሰዎች ከጎናቸው መደገፊያ ወንበር ያድርጉ፤ ያለ መደገፊያም ዐይን ጨፍነው አይሥሩ። ከረጢቱ የሚንጠለጠልበትም ቦታ አስቀድሞ ይፈተሽ።

በሐሳብ የሚቀርብ ጓደኛ

ተለማማጆች ቅደም ተከተሉን ሲሠሩ ፊት ለፊታቸው ሰው እንደቆመ እንዲያስቡ የሚመከሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። ይህ ምክር ምናባዊ ብቻ ነውን? እ.ኤ.አ. በ1995 አልቫሮ ፓስኳል ሌዮኔና ባልደረቦቹ ፒያኖ የማያውቁ ሰዎችን ለአምስት ቀናት በየቀኑ ለሁለት ሰዓት የአምስት ጣት ልምምድ አሠርተዋል። አንዱ ቡድን በጣቶቹ ሠራ፤ ሌላው ጣቶቹን ሳያንቀሳቅስ በሐሳቡ ብቻ ተለማመደ። በሐሳብ የሠሩት ተሻሽለዋል፤ ሆኖም በጣት ከሠሩት ያነሰ ነበር። የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ አንድ የሁለት ሰዓት እውነተኛ ልምምድ ሲጨመርላቸው፣ አምስቱን ቀናት በጣት ከሠሩት ጋር ደረጃቸው እኩል ሆነ።

ለእኛ ጉዳይ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሐሳብ እውነተኛውን ልምምድ አይተካም፤ ነገር ግን ያቺ ጥቂት እውነተኛ ጊዜ ስትገኝ ብዙ ፍሬ እንድታፈራ ያዘጋጃል። ሲያስቡም በደፈናው «ሰው አለ» ማለት አይበቃም። ንክኪው የት ላይ እንደሆነ፣ ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የተጋጣሚ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ በዝርዝር ይታሰብ። ከዚህ ቀደም በእጅ ያልተነካ ሰው ይህን ሊያስብ አይችልም፤ ስለዚህ ምናባዊው ጓደኛ ሁልጊዜ ቀድሞ የተገናኘነው እውነተኛ ሰው ትዝታ ነው።

ለሰው የተተወው

አሁን ብቻውን ሊሠራ ወደማይችለው እንመለስ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ተመራማሪ ኤርንስት ቬበር እንዳስተዋለው፣ ሰው የሚለየው የክብደት ለውጥ መጠን በተሸከመው ክብደት ይወሰናል። የሚለየው ትንሹ ለውጥ የነበረው ከ40 አንድ እጅ ነው ብንል፣ 4 ኪሎ ግራም በሚጫነው እጅ 100 ግራም፣ 400 ግራም በሚጫነው ግን 10 ግራም ለውጥ ይታወቃል። የታይ ቺ መምህራን «ቀላል ንኩ» የሚሉት ለጨዋነት ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ በኃይል የሚገፋ ሰው ራሱን ያደነቁራል። ግድግዳውና ከረጢቱ ቀላል መንካትን ያስተምራሉ። በዚያ ቀላል ንክኪ ውስጥ የሚሰማው ነገር፣ ማለትም የሌላ ሰው ሐሳብ፣ ግን ከነርሱ ዘንድ አይገኝም። ግድግዳ አያታልልም፤ ከረጢት ሐሳቡን አይቀይርም።

ስለዚህ ጓደኛ በወር አንድ ቀን እንኳ የሚገኝ ከሆነ፣ ያቺን ቀን ማሸነፍና መሸነፍ በመቁጠር ማባከን አይገባም። በመጀመሪያ በዝግታና በቀላል ንክኪ አንዱ ብቻ ይግፋ፣ ሌላው ያድምጥ። ከዚያ የገፋው ምን ያህል እንደገፋ፣ የተገፋውም ምን ያህል እንደተሰማው ይነጋገሩ። የሸርጊል ሙከራ እንዳሳየን ሁለቱ መልሶች አይገናኙም፤ «አንተ ነህ ያጠነከርከው» የሚለው ክርክር ከክፋት ሳይሆን ከአንጎል አሠራር የሚነሣ ነው። ጉልበቱ እየጨመረ መሆኑ ሲታወቅ ሁለቱም ቆመው ከመጀመሪያው ይጀምሩ። የተገኘውም ስሕተት፣ ለምሳሌ «ቀኝ ክርኔ ይገተራል» የሚለው፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ የግድግዳው ሚዛን የቤት ሥራ ይሁን።

ታይ ቺን የማይሠራ ሰው ለመለማመጃ የሚሆን ጓደኛ አይሆንም ማለትም አይደለም። ወንድም፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ጎረቤት መዳፉን በክንድዎ ላይ አሳርፎ ባሻው ጊዜና አቅጣጫ ቀስ ብሎ ቢገፋ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል እንኳ ከሳምንት የግድግዳ ልምምድ የማይገኝ ነገር ይሰጣል፤ ያልተተነበየ ግፊት።

በመግቢያችን ላይ የተንገዳገደው ሰው እንግዲህ ጊዜውን አላባከነም። እግሩን፣ ወገቡንና ትከሻውን አሠልጥኗል፤ ያ ሁሉ መሣሪያውን መሳል ነበር። የተሳሳተው የመሣሪያውን ስለት በራሱ እጅ ብቻ ለመፈተን በመሞከሩ ነው። በጓደኛው እጅ የተንገዳገደባት ቅጽበት ከወራት ወዲህ ያገኛት የመጀመሪያዋ ትክክለኛ ንባብ ናት። በማግስቱ ማለዳ ብቻውን ሲቆም የሚሠራበትን ያውቃል።